ለሺህ አሥራ ሁለት ሲቀራት

ግራዝማች ኢቲቻ ሞተው የተገኙት ከምንም ነገር አብልጠው በሚወዷት መኪና ውስጥ ነው። ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ፣ አሥራ ሁለተኛው ኪሎሜትር ላይ፣ ብርቱካንማዋ ትንሽ መኪና ከመንገዱ ወጥታ፣ በጫካ ቡናው መካከል ቁልቁል ተንሸራትታ፣ አንድ ወፍራም ዋንዛ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። ግራዝማች መሪው ፊት ተቀምጠዋል። ጋቢ ደርበዋል፤ እግራቸው ባዶ ነው። ዕለቱ ሰኞ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የግንቦት ሃያ አንዷ ማርያም ዋዜማ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው መቶ አለቃ ያደታ ከጎሬ ተልኮ ሲመጣ ሃያ አምስት ኪሎሜትሩ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ጂፗ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች፤ ሁለት ጊዜም ራሱ ወርዶ ገፋ። መቱ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ሁሉ አልቆ ጠበቀው። ተጠርጣሪው ተይዟል፣ ወረቀቱ ተጽፏል፣ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለሆነ መርማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያበሳጭ ነገር የለም።

«ገዳዩ ሹፌራቸው ኦላና ነው» አለ ሃምሳ አለቃ ግዛቸው። «ቅዳሜ ሰው ፊት አዋርደው አባረሩት፤ ሰኞ ሞቱ። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ለምን አባረሩት?»

«ሁለት ኪሎሜትር ሰርቆ።»

«ምን ሰርቆ?»

ሃምሳ አለቃው ማስረዳት ነበረበት። መኪናዋ በአገሩ አዲስ ናት። እንደ ሌሎቹ ከኋላ የወጣ የዕቃ ሳጥን የላትም፤ ጀርባዋ እንደ ቁምሳጥን በር ወደ ላይ ይከፈታል፤ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ አንድ ሰው ተጋድሞ ይተኛባታል። ከተሜው መጀመሪያ ያያት ቀን «የቀረው ግማሿስ መቼ ይመጣል?» እያለ ስቋል። የግራዝማችን ልብ የወሰደው ግን ዳሽቦርዷ ነበር። ከመሪው ጀርባ፣ በጥቁር ክዳን ጥላ ሥር፣ ሦስት ክብ ጌጆች ተደርድረዋል፤ አንዱ ለፍጥነት፣ አንዱ ለቤንዚን፣ አንዱ ለሞተር ሙቀት። ቁልፉ ሲዞር አረንጓዴ መብራት ይበራና ቀያይ መርፌዎቹ ይነሳሉ። ከፍጥነቱ ጌጅ ሥር ደግሞ የተኬደውን ኪሎሜትር የሚቆጥር፣ ቁጥሮቹ የሚንከባለሉ ቆጣሪ አለ። ግራዝማች ሽማግሌውንም ቄሱንም እየጠሩ ያሳዩ ነበር። በመጨረሻም ተሳሉ፦ ቆጣሪው ሺህ ሲሞላ ለማርያም ሰንጋ ሊያስገቡ። መሙላት ያለበት ግን እንዲሁ መንገድ ላይ አይደለም፤ በማርያም ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሕዝብ እያየ ነው።

«ስለዚህ መንገዱን ለኩ» አለ ሃምሳ አለቃው። «መኪናዋን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ አቆሟት። ኦላና ቅዳሜ ልጠባት ብሎ ወንዝ ወሰዳትና ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት አደረሳት። ልኬታቸው ሁሉ ፈረሰ። እንደገና ለኩና፣ በሁሩሙ መንገድ ስድስት ኪሎሜትር ሄዶ ስድስት ለመመለስ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን የሚነካ ወየውለት ተባለ። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንትን በመቱ የማያውቅ ሰው የለም።»

ያደታ በረጅሙ ተነፈሰ። ሰው በቁጥር እንደሚጣላ ያውቃል፤ በመኪና ቆጣሪ ሲጣላ ግን የመጀመሪያው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። «መጀመሪያ መኪናዋን አሳየኝ።»

ጂፗ ቁልቁለቱን እምቢ ስላለች የመጨረሻውን ሦስት ኪሎሜትር በእግራቸው ሄዱ። መኪናዋ ፊቷ ትንሽ ተጨራምቷል እንጂ አልተገለበጠችም፤ መስታወቷም አልተሰበረም። ያደታ ተንበርክኮ ውስጧን ሲያይ ብዙ ቆየ።

የኋላው ወንበር ታጥፏል። በታጠፈው ወንበር ላይ፣ በጀርባ በሯ በኩል፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል የደረቀ ደም አለ። ሹፌሩ ወንበር ላይ ግን ጠብታ የለም።

«ሐኪሙ ቁስሉ የት ነው አለ?»

«ማጅራታቸው ላይ።»

«ፊት ለፊት ከዛፍ የተጋጨ ሰው ማጅራቱን ይቆስላል?»

ሃምሳ አለቃው ዋንዛውን ማየት ጀመረ።

ያደታ ቁልፉን አዞረ። አረንጓዴው መብራት በራ። የሙቀቱ መርፌ ተነቃነቀች፤ የቤንዚኑ መርፌ ግን ባዶው ላይ ተጋድማ ቀረች። ቀጭን እንጨት ቆርጦ በቤንዚኑ ማስገቢያ ከተተና አወጣው። እንጨቱ እስከ አፉ ርሶ ወጣ። ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ከዚያ ቆጣሪውን አየ። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል።

«ከመቱ እዚህ ድረስ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ ይቺ መኪና ተሸክመዋት መጡ?»

የጌጆቹ ጥቁር ክዳን ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ የቢላ ጭረትም አለበት። ያደታ ጣቱን በስንጥቁ ሲሰድ፣ ቆጣሪውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ካቦ ጫፉ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከቤንዚኑ ጌጅ ጀርባ ተነቅላለች።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው። «ካቦ መፍታት የሹፌር ተንኮል ነው! አሠሪያቸው ያላወቀውን መንገድ ሊሄዱ ሲፈልጉ ሁሉም ያደርጉታል። ኦላና ነው አላልኩም?»

የሚያናድደው፣ ነገሩ እውነት መምሰሉ ነው። ያደታ በዝናብ ሦስቱን ኪሎሜትር ወደ ጂፗ ተመለሰ።

ከእስር ቤቱ በር ላይ አንዲት እርጉዝ ሴት በዝናብ ቆማለች። የኦላና ሚስት ዲሪቤ ናት፤ ወሯ ገብቷል። መቶ አለቃውን ስታይ ተንደርድራ እጁን ያዘች።

«ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ! ሐሙስ ወደ ጎሬ ይወስዱታል ይላሉ። ከሄደ መቼ ይመለሳል? ይህን ልጅ ማን ያሳድግልኛል?»

«እሑድ ለሰኞ የት አደረ?»

«አጠገቤ ነዋ! ግን ሚስት ምስክር አትሆንም አሉኝ።»

ያደታ ወደ ውስጥ ገባ። ኦላና ከግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ቅዳሜ መኪናዋን ለማጠብ ስትወስዳት ካቦውን ለምን አልፈታህም?»

«መፍታቱን አውቃለሁ፤ የማያውቅ ሹፌር የለም» አለ ኦላና። «ግን ጌታዬ፣ ግራዝማች ደስታቸው እዚያች ቁጥር ላይ ነበር። ሰውን በደስታው አልሰርቅም። ነግሬያቸው ነው የተቆጡት።»

«ክዳኑ በምን ይከፈታል? በቢላ?»

«በቢላማ ይሰነጠቃል! እንደ ድሮው የጭነት መኪና መሰለዎት? ከሥሩ ሁለት ትናንሽ መጫኛ አለ። በሁለት ጣት ሲጫኑት በራሱ ይነሳል። ከአዲስ አበባ ሳመጣት አሳይተውኛል።»

«ለማን አሳየህ?»

«ለማንም። እንዳይነካኩብኝ።»

«ቤንዚኗስ?»

«ከግማሽ በላይ ነበራት። የነዳጅ ሻጩ የአቶ አባስ በርሜል ከደረቀ አምስት ቀኑ፤ በጅማው መንገድ መበላሸት ነዳጅ አልገባም።»

ለቅሶ ቤቱ ከመቱ ገበያ በላይ ነው። ወይዘሮ ዘውደነሽ፣ የግራዝማች ባለቤት፣ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ካበጠ ሁለት ቀኑ ነው።

«እግዜር ያጥናዎ፣ እትዬ። የመኪናዋ ቁልፍ የት ነበር የሚያድረው?»

«ከትራሱ ሥር። ከቅዳሜ ወዲህ ለእኔም አይሰጠኝም ነበር።»

«እሑድ ማታ ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም!» መልሱ ከጥያቄው ቀደመ ማለት ይቻላል።

«ሰኞ ጠዋት ሲወጡ ሰምተዋል?»

«እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ጎናቸው የተቀመጡት ለቀስተኞች ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ያደታ ወደ መኪናዋ መጠለያ ወጣ። ግቢው በሙሉ ጭቃ ነው፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ያለው የድንጋይ ደረጃ ብቻ በአመድ ተፈግፍጎ ነጭ ሆኗል። ከአንድ አሮጌ ጎማ ጀርባ ደግሞ አንድ እግር ነጠላ ጫማ አገኘ፤ የግራዝማች ነው። ወደ ኪሱ ከተተው። በግቢው አጥር ማዶ የቡና መፈልፈያው ሞተር ዱክ ዱክ ይላል።

ያዘነው ሁሉ ይዋሻል፣ የሚዋሸው ሁሉ ደግሞ ያዝናል፤ ያደታን ያቃጠለው ይህ ነው። እየተቃጠለም ወደ አባስ ሱቅ ሄደ። አባስ ነዳጅም ጨርቅም የሚሸጥ፣ አባቱም አያቱም በዚያው ከተማ የነገዱ ሰው ነው። ከግራዝማች ጋር መጣላቱን ያልነገረው ሰው አልነበረም።

«ወላሂ፣ እውነት ነው ተጣልተናል!» አለ አባስ ገና ሳይጠየቅ። «ቤንዚንህ ውሃ አለበት፣ መኪናዬን አስሳላት ብለው ሽማግሌ ፊት አቆሙኝ። እኔ ውሃ ብሸጥ ኖሮ በዚህ ዝናብ ባለጸጋ ነበርኩ!»

«ከዓርብ ወዲህ ለማን ቤንዚን ሸጥክ?»

«ከየት አምጥቼ? ና እይ።» በርሜሉን በቡጢ መታው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። «በመቱ ዛሬ አንድ ጣሳ ቤንዚን የሚሸጥልህ ብታገኝ ሱቄን ውሰድ።»

ማታውን ሳይጠብቅ ከጎሬ ስልክ መጣ። አለቃው ሻለቃ ነበሩ፤ መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

«ሐሙስ ጠዋት እስረኛውን ይዘህ ና!»

«ጌታዬ፣ እስረኛው ገዳይ አይደለም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ገና ነው።»

«ገና የሚባል ሰው ልሰር? ሐሙስ ብያለሁ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ያደታ መነጋገሪያውን ሊሰብረው ምንም አልቀረው፤ የመንግሥት ንብረት መሆኑ አዳነው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቡና መፈልፈያው ሄደ። ኃላፊው ቀጀላ የወይዘሮ ዘውደነሽ ታላቅ ወንድም ነው። አምሳ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ በጣሊያን ጭነት መኪና ሃያ ዓመት ቡና የጫነ ሰው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ መርማሪው ሲመጣ የቀኝ ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ እንደሚያቃጥለው ሰው ቀስ ብሎ አነሳው።

«ትከሻዎን ምን ሆኑ፣ ጋሼ ቀጀላ?»

«ቃሬዛ ነው። ልጄ ጃለኔ ሶር ማዶ ነው ያገባችው። ምጥ ጠንቶባት ሰኞ ተሸክመን ሐኪም ቤት አመጣናት።» ድምፁ ወረደ። «እሷ ተረፈች። ልጁ ግን አልተረፈም።»

«እግዜር ያጥናዎ፤ እሷንም ይማርልዎ። መኪና አልነበረም?»

«የጭነቱ መኪና ካምቢዮው ወርዶ ነበር፤ ትናንት ነው የተገጠመው።»

ያደታ ዐይኑ በቀጀላ አንገት ላይ በክር በተንጠለጠለ ቁልፍ ላይ አረፈ። ከኋላው ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ቁልፍ ነው። በስንጥቁ በኩል በርሜል ይታያል፤ የቤንዚን ሽታም ይመጣል። መርማሪው ስለ ቤንዚኑ አንዲትም ቃል አልጠየቀም።

«ጭነቱ ከተሠራ አንድ ነገር ያግዙኝ» አለ። «የግራዝማችን መኪና ከዚያ ቁልቁለት ጎትተን እናምጣት።»

«እሺ» አለ ቀጀላ።

አሥር ሰው በገመድ ስቦ መኪናዋን መንገድ ላይ አወጣት። ፊቷ ቢጨራመትም ጎማዎቿ ይዞራሉ። ያደታ ሰው ሳያየው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ ከሥር ጫን ሲያደርግ ክዳኑ ተነሳለት፤ የተፈታውን ካቦ ቦታው መለሰ። ከዚያ መሪውን ያዘ። ከጎኑ ለምስክርነት ያመጣውን አባስን አስቀመጠ። ከፊት ቀጀላ ጭነቱን እየነዳ ጎተታቸው።

«ቆጣሪውን ብቻ ተመልከት» አለው ለአባስ። «ሲቀየር ጮክ ብለህ ንገረኝ።»

«ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ!» አለ አባስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ። ቀጥሎ ዘጠና። እየቆየ ዘጠና አንድ።

በግቢው ውስጥ ወይዘሮ ዘውደነሽ፣ በሃምሳ አለቃው የተጠበቀው ኦላና፣ ሚስቱ ዲሪቤ፣ ጎረቤቱም ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ጭነቱ በበሩ ሲገባ አባስ በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ፤ ጮኾም በራሱ ድምፅ ደነገጠ።

«ሺህ! ሺህ ሞላች!»

ማንም እልል አላለም። ወይዘሮ ዘውደነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ያደታ ወርዶ ጭቃውን ከእጁ ጠረገ። ሁለት ቀን የታመቀው ብስጭት በድምፁ ውስጥ ይሰማ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔም ከሥሩ ልጀምር። ቆጣሪው ደህና ነው፤ ስንመለስ አሥራ ሁለቱንም ቆጥሯል። ስትሄድ ግን አንዲት አልቆጠረም፤ ሰው ካቦውን ፈትቶታል። ለምን? መኪናዋ መሄዷን እንዳያውቁ። ማን እንዳያውቅ? በዚህ ከተማ ስለ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት የሚገደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ግራዝማች። እንግዲህ ካቦው ሲፈታ ግራዝማች በሕይወት ነበሩ፤ ፈቺውም ሊገድላቸው አላሰበም። ሊገድል ያሰበ ሰው ለሟች ቆጣሪ አይጨነቅም።»

«ኦላና ነው ያልኩት ለዚሁ…» ብሎ ጀመረ ሃምሳ አለቃው።

«ኦላና ካቦ የሚፈታ ቢሆን ቅዳሜ ይፈታ ነበር! እንጀራውን ያጣው ባለመፍታቱ ነው። ደግሞ ክዳኑ በሁለት ጣት እንደሚነሳ ያውቃል። ይህን ክዳን የፈለቀቀው ቢላ ነው። ድሮ የጭነት መኪና የለመደ፣ ይህቺን ግን የማያውቅ ሰው።»

ከኪሱ ነጠላ ጫማውን አውጥቶ በተፈገፈገው ደረጃ ላይ አስቀመጠው።

«ሰው ሁሉ እንደነገረኝ፣ ግራዝማች ኮትና ባርኔጣ ሳያደርጉ መሪ ይዘው አያውቁም። የሞቱት በጋቢ፣ በባዶ እግራቸው ነው። ማጅራታቸው የተመታው በዛፉ አይደለም፤ እዚሁ ድንጋይ ላይ ነው። ከዚያ ሰው በጀርባዋ በር አስገብቶ ኋላ አጋደማቸው፤ ደማቸው እዚያ አለ። አሁን የቀረው ማን የሚለው ነው። ክዳኑን የፈለቀቀው ሰው ሳያውቀው የቤንዚኑን ጌጅ ሽቦ ነቀለ። ቁልፉን ሲያዞር መርፌዋ ባዶ አለችው። ታንከሩ ከግማሽ በላይ መሆኑን ኦላና ያውቃል፤ ይህ ሰው ግን አያውቅም፤ መርፌዋን አመነ። ሄዶ ቤንዚን አምጥቶ እስከ አፏ ሞላት። አባስ፣ ሰኞ ጠዋት በመቱ ቤንዚን የነበረው የት ነው?»

«እኔ ዘንድ የለም» አለ አባስ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ማዶ ዞረ። «ሞተሩ የሚሠራው… መፈልፈያው…»

ሁሉም አብረውት ዞሩ። ቀጀላ ከጭነቱ አልወረደም፤ መሪውን ጨብጦ ወደፊት ያያል።

«ቁልፉ ከትራስ ሥር ነበር፣ እትዬ» አለ ያደታ ዝግ ብሎ። «ከዚያ ሊያወጣው የሚችል አንድ እጅ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ዘውደነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት!» አሉ። «እሑድ ማታ ወንድሜ መጥቶ ለመነው፤ እግሩ ላይ ወደቀ። ጃለኔ ትሞትብኛለች፣ መኪናዋ ሰው ታስተኛለች አለው። ኢቲቻ ‹ስለቴን አታፍርስብኝ፣ ከነገ ወዲያ እሰጥሃለሁ› አለ። ምጥ ከነገ ወዲያ ይጠብቃል? እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ!»

ቀጀላ ወረደ። ከጭነቱ ጎማ ተደግፎ ቆመ።

«በጀሪካን ስሞላ ድምፁ ቀሰቀሳቸው» አለ። «ቁልፉን ሊቀሙኝ ያዙኝ። ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋኋቸው፣ ወላዲተ አምላክን! ሲወድቁ ድንጋዩ… ደነገጥኩ። ኋላ አስገባኋቸውና ወደ ጃለኔ ነዳሁ። መሞታቸው የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ልትተኛበት የነበረው ቦታ ላይ እሳቸው ተኝተዋል። በየት አስገባታለሁ? ራሳቸው የነዱ እንዲመስል መሪው ፊት አስቀመጥኳቸውና ቁልቁለቱ ላይ ለቀቅኳት፤ ከዚያ በእግሬ ሄጄ ቃሬዛውን ከፊት ተሸከምኩ። አምስት ሰዓት ሙሉ። ልጁ ሆዷ ውስጥ የሞተው መንገድ ላይ ነው።»

ያደታ መናገር የጠላው ነገር ነበረው፤ ግን ሳይናገረው መተው አልቻለም።

«ታንከሩ ከግማሽ በላይ ነበር፣ ጋሼ። ለመሄድም ለመመለስም ይተርፍ ነበር። ያ መርፌ ባይዋሽዎ፣ እርስዎ ግራዝማች ሳይነቁ በሄዱ ነበር።»

ቀጀላ ቀና ብሎ አየው። ይህን እስካሁን አላወቀም ነበር። በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቱን አዞረ።

«ለዚህ ሁሉ አዝንልዎ ነበር» አለ ያደታ፤ አሁን ንዴቱ ተመልሶ መጣ። «ግን ኦላና ሦስት ቀን ታስሯል። ነገ ጎሬ ይሄድ ነበር። ሚስቱም እንደ ጃለኔ እርጉዝ ናት!»

«ልጄ ከአልጋ እስክትነሳ ብቻ ነበር… ከዚያ እናገር ነበር።»

«ሁሉም ከዚያ ይላል» አለ ያደታ።

ሃምሳ አለቃው ሳይታዘዝ የኦላናን ሰንሰለት ፈታ፤ ፊቱን ግን ማየት አልቻለም። ዲሪቤ ባሏን አንገቱን አቅፋ «ዋቃዮ፣ አምላኬ!» እያለች አለቀሰች። ቀጀላ እጁን ለካቴናው ሲዘረጋ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ በሐኪም ቤቱ በኩል እንዲያልፉ። ያደታ ይህ በደንቡ እንደሌለ ያውቃል። «እሺ፣ እናልፋለን» አለ።

ሰው ተበትኖ ሲያልቅ ብርቱካንማዋ መኪና በግቢው መካከል ቀረች። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

«ወደ መጠለያው አስገባት» አለው ያደታ ለኦላና።

ኦላና በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። ግን አልተንቀሳቀሰም። የተሰነጠቀውን ክዳን አየ፤ በሸሚዙ እጅጌ አቧራውን ጠረገው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ከሥር ተጭኖ አነሳውና እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ካቦውን እፈታለሁ፣ ጌታዬ» አለ ኦላና። «ሺህ ላይ ትቁምላቸው።»

ከዚያ ወረደና፣ ከዲሪቤ በቀር የሚያግዘው ሳይኖር፣ መኪናዋን እየገፋ ወደ መጠለያው አስገባት። ያደታም ጭቃውን እየረገጠ ሄዶ አብሯቸው ገፋ።